ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ፍለጋ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሳ ቤተሰብ

የኛ ቤት ፍለጋ የተጀመረው በስህተት ነው። ሽምብጥ ሰፈር፣ እትዬ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቶናው እየተቀዳ። እትዬ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነበር። ወንድምና እህት አምስት ነን፤ አምስታችንም ተቀምጠናል፤ እናታችንም አለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና "ሐኪሙ ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ፈልጉ ብሎናል። ማን ይሰጣል?" አልኩ። በሁሉም ፊት።

እናታችን ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ ሲኒውን በጣቱ እያዞረ አተላውን ማየት ያዘ። የመጨረሻዋ እህታችን "እኔ እሰጣለሁ!" ብላ ተነሳች። በማግስቱ ባሏ ደወለልኝ። ያለኝን አልጽፈውም፤ ግን ልክ ነበር። እትዬ ደግሞ "የወንድም የእህቴን ሥጋ ቆርጬ አልበላም" ብላ ሦስት ሳምንት አኮረፈችን።

በመጨረሻ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ "እንዴት አደረጋችሁት?" እያሉ ይደውሉልኛል። ለነሱ በስልክ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የሚላችሁና እኔ የምላችሁ ከተለያየ ሐኪሙን ስሙ።

መጀመሪያ፦ ከታማሚዋ ጀምሩ

ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ታማሚዋ ራሷ ለንቅለ ተከላ የምትሆን መሆኗን ኩላሊት ሐኪሟን ጠይቁ። የልብ ሕመም፣ ያልታከመ ቲቢ፣ ካንሰር ካለ መጀመሪያ እሱ ይታያል። እጥበት እስኪጀመር መጠበቅም ግዴታ አይደለም። ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ ከእጥበት በፊት መተከል ይቻላል። እኛ ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው።

የደም ዓይነቷን በወረቀት ያዙ። "ኦ ይመስለኛል" አይሠራም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ደም መውሰድ። የእጥበት ሰው ደሙ ቶሎ ያንሳል፤ ቤተሰብም ሮጦ ደም ይለግሳል። ነገር ግን ከሌላ ሰው ደም በወሰደች ቁጥር ሰውነቷ የባዕድ ሥጋን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። እሱ በኋላ የሚመጣውን ኩላሊት ይገፋል። ስለዚህ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር "ንቅለ ተከላ እያሰብን ነው፤ ደም በሚያበዛ መርፌና በአይረን መሄድ አይቻልም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ፈቃዷን። እትዬን ያለዘባት የኛ ልመና አልነበረም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርቶ አስረዳት። የራሷ ሁለት ኩላሊቶች ብዙውን ጊዜ አይወጡም፤ አዲሱ ከሆድ በታች፣ ከዳሌው አጥንት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። እሷም "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ማለት ነው" አለች። ኩርፊያው በዚያው አበቃ።

ማን መስጠት ይችላል?

በአገራችን ሲሠራበት የቆየው ለጋሹ የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር አጋር ሲሆን ነው። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ጤነኛ፣ ገንዘብ ሳይቀበል በፈቃዱ የሚሰጥ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሲከፈት የተያዘው መንገድ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ላይ ክትትልና የመጀመሪያ ምርመራ እንጨርሳለን፤ ለተከላው ግን አዲስ አበባ መሄድ አለ።

ስለ ገንዘብ አንዴ ልናገርና ልለፍ። ለወጪ መዋጮ ስንጠይቅ ስልክ ቁጥሬ ተሰራጭቶ ነበር። አንድ ማታ አንድ የልጅ ድምፅ "ኩላሊት አለኝ፤ ስንት ትከፍላላችሁ?" አለኝ። ኩላሊት መሸጥም መግዛትም፣ ማደራደርም ወንጀል ነው። ወንጀልነቱ ቢቀር እንኳ፣ ለገንዘብ የመጣ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ የደበቀው ሕመም ወደ ታማሚያችሁ ይገባል። ልጁን "አይሆንም የኔ ወንድም፣ አትሽጠው" አልኩት። ዘጋው። ሌላ ቦታ ደውሎ ይሆን እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

አጠያየቁ

ዋናው እዚህ ነው። የፍለጋው ግማሽ የሚበላሸው በአጠያየቅ ነው፤ ምርመራው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ወረቀት አውጡና የዘመድ ስም ጻፉ። አጠገቡ ዕድሜ፣ የሚታወቅ ሕመም። ስኳር ያለበትን ሰርዙት። ግፊት ያለበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ሐኪም ይወስን። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትን ለጊዜው አሳልፉ። የአክስትና የአጎት ልጆችን አትርሱ፤ ሰው ሁልጊዜ ወንድምና እህት ላይ ያቆማል።

ከዚያ አንድ በአንድ፣ ለብቻ። ቡና ላይ አይሆንም፤ ለቅሶ ቤት አይሆንም፤ የበዓል ዕለት አይሆንም። እኔ ሁለተኛውን ዙር ያደረግሁት በእግር ነው። ጣና ዳር ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ስታወሩ ፊት ለፊት መተያየት የለም፤ ሰው ዓይኑን ውኃው ላይ አድርጎ የልቡን ይናገራል።

የሚጠይቀው ታማሚዋ አትሁን፤ እናትም አትሁን። የእናት እንባ ጥያቄ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ሽማግሌም አትላኩ። ሽማግሌ የሚላከው እሺ እስኪባል ድረስ ለመመላለስ ነው፤ እዚህ ደግሞ የምትፈልጉት እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምን እንደሆነ እሱም አያውቀው፣ እናንተም አታውቁት።

እኔ የምለው እንዲህ ነበር፦ "እትዬ ኩላሊት ያስፈልጋታል። የምነግርህ እንድታውቅ ነው። ዛሬ መልስ አልፈልግም። አልችልም ካልክ ለማንም አልናገርም፤ ሁለተኛም አላነሳብህም። ማወቅ የምትፈልገው ካለ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን።" ከዚያ ወሬ መቀየር። ስለ ዓሣ ዋጋም ቢሆን።

ያላችሁትን ጠብቁ። ጋሼ በዚያ ቀን ምንም አላለኝም። እኔም አላነሳሁም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ራሱ መጣ፤ ስኳር እንዳለበት፣ ከሚስቱም ደብቆት እንደኖረ ነገረኝ። ሲኒውን ሲያዞር የነበረው ለዚያ ነበር። በሁሉም ፊት ብጫነው ኖሮ ምን ይል ነበር?

ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት ከመጀመሪያው ይወቁ። የኔን ስህተት አትድገሙ።

ንስሐ አባት ጋ የሚሄድ ይሂድ። የሃይማኖት ጥያቄ ያለበትን ሰው ያሳርፉታል። እንዲያግባቡላችሁ ብቻ አትጠቀሙባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለለጋሹ በግልጽ ንገሩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 19 ከአካሉ ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ቃሉን በማንኛውም ጊዜ ማጠፍ እንደሚችል ይደነግጋል። በማንኛውም ጊዜ ማለት የቀዶ ሕክምናው ጠዋትም ጭምር ነው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይሸሻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያውም ትከሻቸው ቀለል ሲል አየሁ።

ባሕር ዳር ላይ የሚያልቀውን እዚሁ ጨርሱ

ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ ይዛችሁ አዲስ አበባ አትሂዱ። በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። አብዛኛው ሰው በቀላል ምርመራ እዚሁ ይለያል።

አንደኛው የደም ዓይነት ነው። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ የሚቀበለው ግን ከኦ ብቻ ነው። ኤ ለኤ እና ለኤቢ፣ ቢ ለቢ እና ለኤቢ ይሰጣል። ኤቢ ከሁሉም ይቀበላል። ፖዘቲቭ ነው ኔጌቲቭ ነው የሚለው ለኩላሊት ችግር የለውም። እትዬ ኦ ናት። መካከለኛዋ እህታችን ኤ ሆና ወጣች፤ ዝግጁ ነበረችና አለቀሰች። እኔና የመጨረሻዋ ኦ ነን።

ቀጥሎ የደም ግፊት። ቡና ሳትጠጡ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ፣ በተለያየ ቀን ይለካ። በባጃጅ ተጣድፋችሁ ደርሳችሁ የተለካ ግፊት ያታልላል። ከዚያ በባዶ ሆድ ስኳር፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት ደሙን ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲንና ደም እንዳለ፣ የሆድ አልትራሳውንድ። አልትራሳውንዱ ቀላል አይምሰላችሁ። አንድ ኩላሊት ብቻ ይዞ ተወልዶ ሳያውቀው የሚኖር ሰው አለ።

ጣና ዳር ያደገ ሰው የሰገራ ምርመራ አይዝለል። እኛ ልጅ ሆነን ውሎአችን ውኃ ውስጥ ነበር፤ ብልሃርዝያ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ አለ። ስትሮንግሎይደስ የሚባል አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ የሚገባ ትልም አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሰውነቱን መከላከያ በመድኃኒት ያደከመ ተቀባይ ላይ ግን ይገድላል። ሁለቱም በኪኒን ይታከማሉ። ወባ በቅርብ ይዟችሁ ከነበረም ተናገሩ። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቲቢ ወደፊት ስለሚጠየቁ በጊዜ መታየታቸው ጥሩ ነው።

ምርመራው ሲቃረብ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ። ኩላሊት ይጫናሉ። የሀበሻ መድኃኒትም፣ ኮሶውም ይቅር፤ የወሰዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ለሐኪሙ አትደብቁ።

የ24 ሰዓት ሽንት የሚባል ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ እኔ አንዴ አበላሽቼዋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ እንበል። የመጀመሪያውን ሽንት ድፉት። ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ጠብታ ሳታስቀሩ፣ ላቦራቶሪው በሰጣችሁ ጀሪካን አጠራቅሙ። በማግስቱ ልክ 12 ሰዓት የሚመጣውን ጨምሩና ዝጉት። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤት ሆኜ በልማድ ሽንት ቤት ገብቼ ወጣሁ። እጄን ስታጠብ ትዝ አለኝ። ያ ቀን ተቃጠለ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ባዶ ሃይላንድ በቦርሳ ይዤ ዋልኩ። የባሕር ዳር ሙቀት ስለማይቻል ጀሪካኑን ጥላ ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሳፋ አስቀምጡት። የሥራ ቀን አትምረጡ፤ እሑድን ምረጡ።

ወረቀት

መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ባልና ሚስት ከሆኑ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የዝምድና ማረጋገጫ። ሙሉ ዝርዝሩን ከንቅለ ተከላ አስተባባሪው በስልክ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከሰው ወሬ አትውሰዱ።

ስም አስተያዩ። የኛ አያት በእትዬ መታወቂያ "ገ/ሥላሴ" ናቸው፣ በኔ "ገብረስላሴ"። አንዱ መስኮት ያለው ሠራተኛ "የአንድ ሰው ልጅ መሆናችሁን በምን ልወቅ?" አለኝ። እኔና እትዬ በመልክ አንድ ነን፤ እሱ ግን የሚያየው ወረቀት ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እናንተ ምርመራው ሲጀመር ጎን ለጎን ጀምሩት።

ወደ ህንድ የምታስቡም ዘመድ ለጋሽ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። እዚያ ደርሰን እናገኛለን የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ሽሹ። ህንድ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአካል ንግድን የሚከለክል ሕግ አላት፤ ከኤምባሲ ደብዳቤም ይጠየቃል።

አዲስ አበባ

እዚህ የሚሠራው የቲሹ ምርመራ (የሰጪውና የተቀባይዋ ሥጋ ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚታይበት) እና ክሮስማች ነው። በቲሹ፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ ግማሽ በግማሽ የመሆን ከሁለት አንድ፤ ጭራሽ ያለመመሳሰልም ከአራት አንድ። ወላጅና ልጅ ቢያንስ ግማሽ ይጋራሉ። አለመመሳሰል ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ባልና ሚስትም ይሰጣጣሉ። ከባድ ፍርድ የሚሰጠው ክሮስማች ነው። የእትዬ ደም ከኔ ሴል ጋር ይደባለቃል፤ ከተጣላ ያ ኩላሊት አይሆንም። ባል ለሚስቱ ሲሰጥ ይህን በተለይ ጠብቁ። ከእሱ የወለደች ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ የእሱን ሥጋ የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ሠርታ ሊሆን ይችላል።

ሲቲ ስካን፣ የልብ ምርመራ፣ ሌላም ሌላም አለ፤ ዝርዝሩን እነሱ ይነግሯችኋል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ቃለ መጠይቁን ነው። ለጋሹን ለብቻው ያስገቡታል። "ማን አስገደደህ? ምን ቃል ተገባልህ? ቢበላሽስ?" ይላሉ። ቤተሰብ በር ላይ እንዳይቆም። ሻይ ጠጡ።

የመጨረሻዋ እህታችን ገብታ ወጣች። ከቀናት በኋላ "ሕክምናው አልፈቀደላትም" ተባልን፤ ምክንያቱን አልጠየቅንም። ሁለት ዓመት ቆይታ ነገረችኝ፣ አሁንም ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ለሐኪሟ "ፈርቻለሁ፤ ቡና ላይ ተነስቼ ያልኩትን መመለስ አቃተኝ" ብላው ነበር። እሱም ለኛ አሳልፎ አልሰጣትም። ዛሬ እትዬ ቤት ስትመጣ ቀና ብላ ነው።

ለማደሪያ ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራዩ። ለጋሹ ጥቂት ቀን ተኝቶ ይወጣል፤ ተቀባይዋ ግን ለወራት ክትትል ላይ ናት። እድር ለሞት እንጂ ለመዳን አይከፍልም ይባላል። የኛ ሰፈር እድር ግን ተሰብስቦ የሁለት ወር ኪራይ ቻለልን። የለጋሹን ትራንስፖርት፣ ምግብና የቀረ ደመወዝ መሸፈን ሽያጭ አይደለም፤ ያለ ሐፍረት አድርጉት።

ፍርሃቱ፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምናው

ሰው የሚጠይቀኝ "ትሞታለህ ወይ?" ነው። በውጭ አገር የተደረገ ሰፊ ጥናት ከ10,000 ለጋሾች መካከል በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሚሞቱት ወደ 3 እንደሚሆኑ አሳይቷል። ወደፊት የራሱ ኩላሊት የሚደክምበት ለጋሽ ከ100 አንድ አይሞላም፤ ግን ካልሰጠ ጤነኛ ሰው ይበልጣል። ይህን አትሸፍኑ። ሴት ለጋሽ ወደፊት መውለድ ከፈለገች በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የመነሳቱ ዕድል ከፍ እንደሚል አስቀድማ ትወቅ።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. ቦስተን ውስጥ፣ በመንትዮች መካከል ነው የተደረገው። ሮናልድ ሄሪክ ለወንድሙ ለሪቻርድ ሰጠ። በዋዜማው ሪቻርድ "ተነስተህ ወደ ቤትህ ሂድ" የሚል ብጣሽ ወረቀት ላከለት። ሮናልድ "እዚህ ነኝ፤ እዚሁ እቆያለሁ" ብሎ መለሰ። እትዬም በዋዜማው ማታ ደውላ "አሁንም መተው ትችላለህ እኮ" አለችኝ። የሄሪክን ታሪክ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። "ተኚ" አልኳት።

ቀዶ ሕክምናው በትንንሽ ቀዳዳዎች ወይም በጎን በኩል በመክፈት ይሠራል። ደም ሥሩ ረዘም ስለሚል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የግራው ነው። ስነቃ ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ማሳል ነበር። ትራስ ጎናችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ አስሉ። በማግስቱ ያስነሷችኋል፤ ተነሱ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር የለም፤ ጀሪካን የለም፣ ልጅ አንስቶ ማቀፍም የለም። የኔ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከመሬት ቁጭ እያልኩ ነበር የማቅፈው።

ለተቀባይዋ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ በየ12 ሰዓቱ፣ በጾምም በበዓልም። የእትዬ ስልክ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ይጮኻል። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ወር ሲቀረው ፈልጉ። ከተማ ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ለጋሹ ደግሞ በዓመት አንዴ ግፊት፣ ክሬቲኒን፣ የሽንት ፕሮቲን ይታይ። የቀረው ኩላሊት እየጎለበተ ሁለቱ ይሠሩ ከነበረው ወደ 70 በመቶ ገደማ ብቻውን ይሠራል። ስለዚህ ክሬቲኒናችሁ ከበፊቱ ከፍ ይላል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቴን የሰጠችኝ ልጅ ወረቀቱን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና "ጋሼ፣ ከሰው ጋር ነው የመጣኸው?" አለችኝ። እግሬ ከዳኝ። አሁን የቀዶ ሕክምናው ቀንና "አንድ ኩላሊት ለግሷል" የሚል የሐኪም ማስታወሻ ከመታወቂያዬ ጀርባ አድርጌ ነው የምሄደው። ወረቀቱን አስጻፉ፤ ከምርመራ ማዘዣው ጋር አብራችሁ ስጡ።